ወንዝ የተሻገረ አፍ

ባለፈው ሳምንት ከዋና ከተማው ከኒያሜ የመጡ ሰዎች የከተማችንን የጋያን ነጋዴ ሰብስበው፣ አገራችን ከአካባቢው አገሮች ማኅበር ከወጣች ወዲህ ከጎረቤት አገር ጋር ያለን ንግድ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ሹፌሩን ጠየቁ። አስተማሪውን ጠየቁ። በዕድሜው አንድ ራስ ሽንኩርት ሸጦ የማያውቀውን ፀጉር አስተካካይ እንኳ ጠየቁት፤ እሱም ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደ ኢማም ተናገረ። እኔን ግን «እማማ ዲቦ፣ እርስዎ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» አሉኝ። ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ጀምሮ ሽንኩርት ወንዝ ሳሻግር የኖርኩ ሴት ነኝ። አረፍኩ። እንዳረፍኩ ስብሰባው አለቀ።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ግን የጋያ ሰው አፌን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጊዜ ተናገሪ ስባል የሆነውን ያውቃል።

መውጣታችን የታወጀ ቀን ገበያው ሰርግ መስሎ ነበር። ከበሮ ይመታል፣ ሞተር ሳይክል ይጮኻል፣ ጉልበቴን ያመኛል እያልኩ ውሃ የማልቀዳ ሴትዮ እጨፍራለሁ። ማኅበሩ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የሚያዙን ሰዎች ነበሩ፣ ከእንግዲህ አያዙንም ተባለ፤ ለእኔ በቂ ነው። ባሌም ሲያዘኝ አልወድም ነበር፣ አላህ ይማረው። አንድ የሬዲዮ ሰው ማይክራፎን አፌ ላይ ደቀነ። ልጆቼ ከኋላው ሆነው በእጃቸው «ተይ፣ ተይ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ተይ ሲሉኝ ይብስብኛል።

«የማዶ ሰዎች ያለ እኛ ሽንኩርት ወጣቸው የዕቃ እጣቢ ነው» አልኩ። «ተንበርክከው ይመጣሉ። ከእነሱ አገር አንድ ነገር ድስቴ ውስጥ ከገባ አህያ በሉኝ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አገር ያቀናሁ መሰለኝ። ሬዲዮ ድልድይ እንደማያሻው ረስቼዋለሁ። ጋያ ከወዲህ ኒጀር ናት፣ ማላንቪል ከወዲያ ማኅበሩ ውስጥ የቀረችው ቤኒን፣ መካከላችን አንድ ወንዝ፤ ቋንቋችን ግን ያው ዴንዲ ነው። የተናገርኳት እያንዳንዷ ቃል እንደ ታጠበ ልብስ ማዶ ተሰጥታ ታየች።

ያን ዕለት ምራቴ ሐምሳቱ ራት አቀረበች። ሐምሳቱ ዝምተኛ ናት፤ ዝምተኛ ምራት ደግሞ እንደ ዝምተኛ ውሻ ሳትጮኽ ነው የምትነክሰው። የሳህኑን ክዳን ብከፍት ጥሬ ሽንኩርት ተደርድሯል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ራትዎ ነው፣ እማማ። ሩዙ ከማዶ ነው፣ ዘይቱ ከማዶ ነው፣ የካሳቫ ዱቄቱም ከማዶ ነው። ሽንኩርቱን ልቀቅለው ብዬ ነበር፣ ለካ ድስቱም ከማዶ ነው። አማቴን አህያ አላሰኝም ብዬ ተውኩት።»

ልጄ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። እኔ አንዱን ራስ አንስቼ ገመጥኩ። እንባዬ ሲወርድ ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

በሳቅ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በጠቡ የተነሳ የተዘጋው ድልድይ ግን ሳይከፈት ቀረ። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ደግሞ አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚያሰኝ ነበር፤ የሣር ጎተራዎቼ እስከ አፋቸው ሞሉ። የእኔና የልጆቼ የዓመት ልፋት እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱ ካልተሸጠ ለመጪው ክረምት ዘርም፣ ለልጅ ልጆቼ እህልም የለም። ሽንኩርት እንደ ማሽላ አይታገሥም። ከላይ ሐምራዊ ሐር ለብሶ ከውስጥ ይበሰብሳል። እዚሁ ልሽጥ ብል ጋያ ሁሉም ሻጭ ነው። ማደል ጀመርኩ። መጀመሪያ መረቁኝ፤ ኋላ ቅርጫቴን ከሩቅ ሲያዩ በር ይዘጉ ጀመር። ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ «ሴትዮዋ የለችም» ብላ መለሰችልኝ፣ ራሷ በገዛ ድምጿ።

ደግነቱ ወንዝ መቀርቀሪያ የለውም። ታንኳዎቹ ያሻግራሉ፤ ድልድዩ ላይ የቆመውም ወታደር እነሱ ሲያልፉ ደመና ማየት ይወዳል። ችግሩ ማን ይቀበላል ነው። ማላንቪል ላይ ሽንኩርቴን ዕድሜ ልኳን የምትቀበለኝ ጋምቢና ናት፣ የአክስቴ ልጅ። በእኛ ዘንድ የወንድምና የእህት ልጆች መሰዳደብ ወግ ነው። ስድቡ ስድብ አይባልም፤ የተቆጣ ተሸነፈ፣ የተሸነፈ ደግሞ የሚታኘክ የኮላ ፍሬ ይዞ ይለማመጣል። እሷ «ገረዴ» ትለኛለች፣ እኔ «አሮጊቷ ጦጣ» እላታለሁ፣ እንዲህ ሆነን አርጅተናል።

ታንኳ ቀዛፊውን ሱሌይን ላክሁባት። ሱሌይ መካን በሕልሜ እንኳ ሳላይ «ሐጂያ» ይለኛል፤ እኔም አላርመውም። ተመልሶ መጥቶ ታንኳውን ሲያስር ዓይኔን ሸሸ።

«ምን አለች?»

«ይቅርብዎ፣ ሐጂያ።»

«ተናገር።»

«አህያ ጭነቷን ራሷ ታምጣ አለች።»

ደሜ ፈላ። እንደ ወጉ ከሆነ በዚያችው ደቂቃ ተሸንፌያለሁ ማለት ነው። ሱሌይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የባሰውን ነገረኝ። የማላንቪል ገበያ ሴቶች የሬዲዮውን ንግግር ከልባቸው ተቀይመዋል፤ የጋያን ሽንኩርት የነካች ከእኛ አይደለችም ተባብለዋል። ጋምቢና ብትወድም ብቻዋን ልትቀበለኝ አትችልም።

ጎተራው እስኪሸት ድረስ ኮራሁ። ሲሸት አንድ ጆንያ ከምርጡ ለየሁ፣ ኮላ በቅጠል ጠቀለልኩና ታንኳው ላይ ወጣሁ።

ማዶ ስደርስ ጋምቢና ከገበያዋ ሴቶች ጋር ዳር ላይ ቆማለች። እጁን የዘረጋልኝ የለም። ስወርድ አንድ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ ሁለተኛው ተከተለው፣ ሕዝብ ፊት በሁለት ጉልበቴ ዱብ አልኩ። ተንበርክኮ የመጣው ማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። ምን ያናግራቸዋል፣ እያዩት።

«የአጎቴ ልጅ» አለች ጋምቢና፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ያን ቀን በሬዲዮ የሰደብሽው ማንን ነው? አገሩን ነው ወይስ እኔን?»

ነገሩ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን ገባኝ። አገር ከሰደብኩ ሽንኩርቴ ይበሰብሳል። የአክስቴን ልጅ ከሰደብኩ ወግ ነው፣ ሊቀየም የሚችል የለም። በር ከፍታልኛለች። እውነቱን ካላችሁ ያን ቀን ጋምቢና ትዝም አላለችኝ፤ የሰደብኩት አገሩን ከነሕዝቡ ነው፣ ያውም ከልቤ።

«ታዲያ ማንን ልስደብ?» አልኩ ከጭቃው ውስጥ። «ወጧን እንደ እጣቢ የምታቀጥን ካንቺ ሌላ ማን አለ፣ አሮጊቷ ጦጣ?»

መጀመሪያ አንዲት ወፍራም ሴት ፈነዳች፣ ከዚያ ሁሉም። ወፍራሟ ራሷ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ኮላውን ተካፈሉት። ዕድሜዬን ሙሉ በቀልዴ ያልሳቁልኝ ሰዎች፣ ቀልድ ባልነበረው ነገር ይኸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ጋምቢና መደቧ ላይ አስቀምጣ ምግብ አቀረበችልኝ። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት በመርከብ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ትልቅ፣ ነጣ ያለ፣ ውሃ የነፋው፣ ሲቆርጡት እንኳ የማያስለቅስ። ቀመስኩት። አላህ ምስክሬ ነው፣ እጣቢ ነበር። ቀና ስል ጋምቢና ዓይኗን ሰብራለች። ሽንኩርቴ ከቀረ ወዲህ ምግብ ቤቶቹ ትተዋት ሄደዋል፤ ሽንኩርት ሊጭኑ ከደቡብ ይመጡ የነበሩት መኪኖችም መንገዱን ረስተዋል። ወደ እኛ ትልከው የነበረው ዘይትና ዱቄት ከኋላዋ ተቆልሏል፤ ዱቄቱ ነቅዟል።

«እኔ በሬዲዮ ስላልተናገርኩ ያወቀልኝ የለም» አለች።

ስታወራ ወገቤ ቀስ በቀስ ቀና አለ። እኔ ለካ ብቻዬን አይደለም የከሰርኩት። ይህን ለማወቅ ጭቃ ውስጥ መግባት አያስፈልግም ነበር፤ ምሳዬን አስተውዬ ብበላ ይበቃኝ ነበር። ሽንኩርት ሳሻግር ስኖር፣ በተመላሹ ታንኳ የሚመጣውን ስበላ እንደኖርኩ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

«በይ የተረፈውን ከሱሌይ ጋር ላኪልኝ» አለች ጋምቢና። «ሁሉንም እቀበላለሁ።»

የመጣሁት ይህን ለመስማት ነው። በእኔ ቦታ ልባም ሴት ብትሆን አመስግና ትሄድ ነበር።

«አልልክም» አልኳት። «ነገ ጠዋት ታንኳዎቹን ይዘሽ አንቺው ትመጫለሽ። ዘይቱን ታመጫለሽ፣ ያልነቀዘ ዱቄት ፈልገሽ ታመጫለሽ። ከዚያ ጎተራዬ ገብተሽ፣ ከጎኔ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ፣ የበሰበሰውን ከደህናው ትለይልኛለሽ። ያንቺም እጅ ይሽተት።»