እስከ ማዕዘኑ መቶ እርምጃ

ሣህሉ ቡርሹን ኖራው ውስጥ ነክሮ በጣሳው አፍ ላይ አራገፈና የአሥራ አንደኛውን ድንጋይ ጀርባ ቀባ። ድንጋዮቹን ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ በጋሪ ያመጣቸው ራሱ ነው። ከቤቱ በር አንሥቶ እስከ መንገዱ ማዕዘን፣ ከግንቡ ሦስት ክንድ አርቆ፣ በገመድ እየለካ ደረደራቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነውና ጠማማ ነገር ዓይኑን ያመዋል።

ማዕዘኑ ላይ ጎመንና ሎሚ የምትሸጠው ፋዱሞ ከዳሷ ሥር ሆና ስታየው ቆየች።

«አባ ሣህሉ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባል?»

«ጧት በአንድ ሰዓት» አላት ቀና ሳይል። «ተሳፋሪው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ተሳፋሪዋ ሚስቱ የሺአረግ ነበረች። ግንቦት ላይ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ቤት ድረስ እየመጣ የሚያያት የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ ሱሌማን መድኃኒቷ መሄድ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ጧት ጧት ደልዳላ መሬት ላይ መቶ እርምጃ መሄድ አለባት፤ ከመስቀል በፊት ካልተፍታታ ቀኝ እግሯ እንደታጠፈ ይደርቃል። ግቢያቸው ግን አራት አባወራ የሚጋራው፣ አሥር እርምጃ የማይሞላ ነው። ዛፍ ያጠላበት የእግረኛ መንገድ ያለው ከደቻቱ ማዶ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው። በነሱ ሰፈር መንገዱ አሸዋ የጫኑ የካሚዮኖች ነበር፤ ሰው የሚያልፈው ከግንብ ተለጥፎ ነው። ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ ስላልነበረ ሣህሉ ድንጋይ ደረደረ።

በመጀመሪያው ቀን በክንዱ ተንጠልጥላ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄደች። ሰኔ ሲያልቅ አርባ ደረሰች። ብቻዋንም አልነበረችም። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በድንጋዮቹ ውስጥ ማለፍ ጀመሩ። ካሚዮን ፈርቶ ሁለት ዓመት ከደጁ ያልራቀው ሽማግሌው ሃሺ እንኳ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ከዘራውን ይዞ ሲመላለስ ይታይ ነበር። ቦታውን የሣህሉ ሐዲድ አሉት።

ካሚዮኖቹ ግን ድንጋዮቹን እየገፉ ያበላሹበት ነበር። ስለዚህ ሣህሉ ሐዲድ ሲፈታ ባቡር ያስቆምበት የነበረውን ቀይ ባንዲራ ከሣጥን አወጣ። ከእንግዲህ እሷ ግንቡን ይዛ ብቻዋን ትሂድ፣ እሱ ማዕዘኑን ይጠብቃል። የሺአረግ ክንዱ እንደሚሻላት ነገረችው። እሱ ግን ቀይ እያየ የሚያልፍ እንደሌለ አስረዳት፤ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ባቡር ባንዲራውን አልፎት አያውቅም። የሰፈሩ ሾፌሮችም ለመዱት። ሙመድ የሚባለው ሞተሩን አጥፍቶ ወታደራዊ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ጣቢያው ክፍት ነው ወይ እያለ ይጠይቀው ነበር። ሐምሌ ላይ ሰማንያ ስድስት እርምጃ ሄደች።

በነሐሴ አጋማሽ ደቻቱ ሞላ። በማግስቱ የወንዙ መንገድ ስለተዘጋ አሸዋው በሌላ በኩል፣ በቢዮ አዋሌ መንገድ መጣ፤ የጫነው ሰፈሩን የማያውቅ ሾፌር ነበር። ሣህሉ ማዕዘኑ ላይ ሆኖ ባንዲራውን ዘረጋ። ካሚዮኑ ስላልቆመ አውለበለበው። ካሚዮኑ አለፈውና ወደ ዳር ያዘ፤ ጎማው ነጮቹ ድንጋዮች ላይ ወጣ። የሺአረግ ዘጠና አንደኛው እርምጃ ላይ ነበረች። ባንዲራውን አይታ ነበርና ለመሸሽ አልሞከረችም፤ እስኪያልፍ ቆመች። ሣህሉም ቆመ። ባንዲራ የያዘ ሰው ባቡሩ ቀጥ እስኪል ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሥራው ሕግ እንዲያ ነው። በመካከላቸው ዘጠኝ እርምጃ ነበር። የጮኸችው ፋዱሞ ናት።

የካሚዮኑ ጎን ደህናውን እግሯን ከግንቡ ጋር አጣበቀው።

ሾፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ በሶማሊኛ ተናገረ፤ ፋዱሞ ተረጎመች። ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋ ሊገዛ በጨርቅ የጠራው መስሎት ነው። ገዢዎች እንዲያ ነው የሚያስቆሙት፤ ሲያውለበልብለት ጊዜ ሊያራግፍለት ዳር ያዘ።

መስቀል አለፈ። ሱሌማን ቁስሉን ያጥባል፤ ስለ መሄድ ግን ማንሣት ትቷል። የሺአረግ በመስኮቱ ሥር ተኝታ ትውላለች። አንድ ጧት ሣህሉ ትራሷን ሲያስተካክል ተናገረች።

«ቆመው አየሁዎት» አለችው። «ሊመጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ።»

ሣህሉ ትራሷን አስተካክሎ ጨረሰ። ጋሪውን ጎትቶ ወጣና ድንጋዮቹን መንቀል ጀመረ። አራተኛውን ሲጭን ፋዱሞ ከዳሷ ተነሥታ መጣች። አንዱን ድንጋይ ከጋሪው አውርዳ ወደነበረበት ጉድጓድ መለሰችው። ከኋላዋ ሃሺ በከዘራው ተደግፎ ቆሟል።

«ይሄ ሽማግሌ የት ይሂድ?» አለችው። «ዋላሂ፣ እኔ ከግንብ አልለጥፈውም።»

ሣህሉ የጋሪውን እጀታ ለቀቀ። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ መለሰ፤ ገመዱን ወጥሮም አቃናቸው። ኖራውን በጠበጠና ጎማ የላጣቸውን ቀባ። የመጨረሻው ዘጠና አንደኛው እርምጃ ላይ ያለው ነበር። ሁለት ጊዜ ቀባው። ከግንቡ ወዲያ፣ ከመስኮቱ ሥር የተኛችው የሺአረግ የሃሺ ከዘራ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ትሰማ ይሆናል።

ቡርሹን አጠበና ባንዲራ በነበረው ቀይ ጨርቅ አደረቀው። ጨርቁን ጣሳው ውስጥ ጠቅጥቆ ክዳኑን ገጠመና ከበሩ ጀርባ አስቀመጠው።