መቶ ጥያቄ በባቡር ሐዲድ ላይ

ወንድሜ ሁንዴ ባዮሎጂ ያጠና የነበረው በእግሩ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ትንሽ ወጣ ሲባል ቀለሙ የለቀቀ የምልክት ምሰሶ አለ፤ እሱ ስር ይጀምራል። ሐዲዱን ከስር የያዙትን አግዳሚ ብረቶች ታውቋቸው የለ? የመጀመሪያውን ይረግጥና «አንድ፣ ቢ» ይላል። ሁለተኛውን ይረግጥና «ሁለት፣ ዲ»። ሦስት፣ ኤ። እንዲህ እያለ መቶኛው ብረት ላይ ሲደርስ የሰው ሽንኩርት ማሳ አጠገብ ይሆናል። ከዚያ ዝም ብሎ ወደ ምሰሶው ይመለስና እንደገና ከአንድ። ባቡር ከመጣ ወርዶ ይቆማል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት አይቀጥልም። ይጠፋበታላ።

መቶዎቹ ጥያቄዎች ያለፈው ዓመት ፈተና ናቸው። ኮሌጅ ውስጥ የድሮ ፈተና በእጅ እየተገለበጠ ከተማሪ ተማሪ ይዞራል። ሁንዴም ከወንጂው ልጅ ከወዬሳ፣ የክፍሉ ልጅ ነው፣ ከእሱ ደብተር ላይ ገልብጦ ይዞ መጣ። ጥያቄው በሰማያዊ፣ የመልሱ ፊደል በቀይ።

እኔ ጉዲቱ እባላለሁ። ያን ክረምት፣ የሰማንያ ክረምት ማለት ነው፣ ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ራሴን ላወድስ ብዬ ሳይሆን ባዮሎጂ ላይ ሰው አይደርስብኝም። ሁንዴ ደግሞ እጁ ነው የተባረከው፤ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ፈትቶ የሚገጥም እሱ ነው። ኮሌጅ አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ ሲመጣ ግን ባዮሎጂ ኤፍ ሆኖበት መጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድጋሚ ፈተና አለ። ከመቶ ሃምሳ ካገኘ ይቀጥላል፤ ካላገኘ ይባረራል።

መባረር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሬዲዮ እየጠገነ ይኖር ነበር። ግን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ነገሪ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ወንበር ስንሰጠው እንኳን ሳይቀመጥ፣ እናቴን እንዲህ አላት፦

«እትዬ ዘርፉ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። የልጅዎ የኮሌጅ መታወቂያ ከታደሰ ከብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር ስሙን እሰርዛለሁ። ካልታደሰ ግን ምን ላድርግ? ከእኔ ቀበሌ ይህን ያህል ልጅ አምጣ ተብያለሁ።»

«አንዱን ወስዳችሁብኛል እኮ፣ ጓድ» አለች እማዬ።

«አውቃለሁ» አለና ቆቡን አስተካክሎ ወጣ።

አንዱ ቀነዓ ነው፣ ትልቁ ወንድማችን። ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የለም። እማዬ ስለሱ ስታወራ «ማል ጎና» ብቻ ነው የምትለው፤ ምን እናደርጋለን ማለት ነው። ሌላ ነገር አትጨምርም።

እና ሁንዴን የመፈተን ሥራ የኔ ሆነ። ደብተሩን ይዤ ከሐዲዱ ጎን ጎን እሄዳለሁ፤ እሱ ይጠራል፣ እኔ ቀዩን ፊደል አያለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መቶውንም አንድ ሳይስት ጨረሰ። ደስ አለኝ። እማዬም ደስ አላት። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ሰለቸኝና ከመሐል ጠየቅኩት።

«ስልሳ ሦስት።»

ቆመ። «ከስልሳ ጀምሪልኝ።»

«ስልሳ ሦስት ነው ያልኩህ። ዕፅዋት የሚተነፍሱት መቼ ነው?»

ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። «ቢ።»

«ጎበዝ። ቢ ምንድነው?»

«ቢ ነዋ።»

«ምን የሚለው ነው ቢ?»

«ጉዲ፣ አታድርቂኝ። ቢ ነው አልኩሽ።»

«ቀንም ሌሊትም ነው የሚለው። አታውቀውም እንዴ?»

«ዕፅዋት ይተነፍሳሉ?» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም።

ሌላ ጠየቅኩት። ሌላም። አሥራ ሰባትን፣ ዘጠናን፣ አርባ አንድን። ከመሐል ሲሆን አንድም አያውቅም። ፈተናው ቅደም ተከተሉን ቢቀይርስ? አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ፣ አንድ ቢያወጡ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረን።

ቤት ገብቼ መቀስ አነሳሁ። ደብተሩን ጥያቄ በጥያቄ ቆራረጥኩት፤ ቁጥሩን ቆርጬ ጣልኩ፣ ቀዩን ፊደልም ጣልኩ። መቶ ቁራጭ ወረቀት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ሁንዴ ፊት አራገፍኩት።

«ምን አደረግሽ?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

«አንዱን አውጣ። የወጣልህን ትነግረኛለህ፤ ካላወቅክ እኔ አስረዳሃለሁ። ከእንግዲህ ሐዲድ የለም።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አትጠይቁኝ። አንዴ ጣሳውን በእርግጫ አለው፣ ወረቀቱን ከዶሮዎቹ ስር ለቀምኩ። ግን እኔም ልጅት ግትር ነኝ። ክሎሮፕላስት የሚለው ሲወጣለት «ወንጂ ነው በቃ» አልኩት፣ «ስኳር ይሠራል»። ማይቶኮንድሪያ ሲወጣለት «ያ ደግሞ አንተ ነህ፣ ስኳሩን በልተህ ትሮጣለህ»። ኦስሞሲስ የሚለው ሲወጣ ደግሞ ፓፓያ ቆርጬ ከቀበሌ ከመጣው ስኳር አንድ ማንኪያ ነሰነስኩበት። እማዬ አይታኝ ልትገድለኝ ነበር።

«ስኳሩን ለፓፓያ? የጤና ነው?»

«ትምህርት ነው፣ እማዬ።»

ጥቂት ቆይተን ስናየው ሳህኑ ውሃ አቁሯል። ሁንዴ በጣቱ ነካው። «ይኼ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከፓፓያው ውስጥ። ስኳሩ በበዛበት በኩል ውሃው ይወጣል። ሴሉ ግድግዳ አለው፣ ግን ውሃ ያሳልፋል።»

ሳህኑን አዘንብሎ አየው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው፦ «ስለዚህ ነው ቋንጣ ጨው የሚደረግበት?» ማንም ሳይነግረው። እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ባዮሎጂ ተምሮ እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲበራ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ጣሳውን ራሱ ነው የሚያመጣው። «ቆይ፣ አትንገሪኝ» ይላል፤ ግንባሩን ይዞ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ልክ ነው።

ለፈተናው ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ወዬሳ ከወንጂ በጋሪ መጣ። እሱም ያው ድጋሚ ተፈታኝ ነው። ጣሳውን ሲያይ በሳቅ ወደቀ።

«የሎተሪ ዕጣ ነው እንዴ?»

«አንተ ልጅ አትሳቅ» አልኩት። «ና እስኪ ልጠይቅህ። ዕፅዋት የሚተነፍሱት መቼ ነው?»

«ስንተኛው ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«እንግዲያው እኔ ምን አገባኝ» አለና ወደ ሁንዴ ዞረ። «ስማ፣ ወደ ሐዲድህ ተመለስ። ይቺ እህትህ ታበላሽሃለች። ይኼ ፈተና ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።»

ሁንዴ እኔን አየኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ «ተመለስ» ብለው ይመለስ ነበር፤ ሁለት ቀን ይበቃው ነበር፣ እግሩ አልረሳውም። እኔ ግን «ቅደም ተከተሉን ቢቀይሩትስ?» አልኩ። «ያወቀ ሰው ከየትም ቢጠየቅ ይመልሳል።» አፌ ቅቤ ነው፣ ሁሌም እንደዚህ ነኝ። ሁንዴም «ጉዲ ልክ ናት፣ አሁን እኮ ገብቶኛል» አለው። ወዬሳ ትከሻውን ነቀነቀና ሻዩን ጠጣ።

አብረው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ሁንዴ ብቻውን ተመለሰ። ውጤቱን እዚያው በነጋታው ለጥፈውላቸዋል። እማዬ በሩ ላይ ስታየው አልጠየቀችውም፤ ውሃ አቀረበችለት፣ እግሩን ታጠበ። እኔ ነኝ አፌ የማይዘጋው።

«ቀየሩት?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቅደም ተከተሉን።»

ፎጣውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አልቀየሩትም። አንደኛው ጥያቄ አንደኛው ነበር። መቶኛው መቶኛው። አራት ነጥቡ እንኳን አልተቀየረም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሐዲዱን ፈለግኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ምሰሶው መጣልኝ፣ ብረቶቹ ግን ጣሳው ውስጥ ገቡ። ጠፋብኝ። ከዚያ እንደነገርሽኝ አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ።» ትንሽ ፈገግ አለ፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። «መቶ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ነው፣ ጉዲ። ወዬሳ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ሰጥቶ ወጣ። ሌሎቹም። ለማሰብ የተሠራ አይደለም። ኦስሞሲሱ ላይ ፓፓያሽን እያየሁ ነበር፣ ሰዓት አልቋል አሉ። ያ ሃምሳ አንደኛው ነበር፤ እሱን ሞልቼ ሰጠሁ።»

«የቀረውን ዝም ብለህ ሲ ሲ ሲ አትልም ነበር?»

«አልመጣልኝም። የማውቀውን ነገር ዝም ብሎ መሙላት...» አልጨረሰውም።

ከሃምሳ አንዱ አርባ ሰባቱን አግኝቷል። ወዬሳ ዘጠና ስምንት።

እማዬ ከጓዳ ሆና «ማል ጎና» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔ ላይም አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

መታወቂያው ሳይታደስ ጳጉሜ አለቀ። ጓድ ነገሪ ቃሉን አላጠፈም፤ ራሱ አልመጣም፣ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ላከ። ሁንዴ እየጠገነው የነበረውን ሬዲዮ ክዳኑን ዘግቶ «ይኼ የፋዲላ ነው፣ አንድ ሽቦ ነው የቀረው፣ ለሌላ ሰው ስጪያት» ብሎኝ ወጣ። ፋዲላ ጎረቤታችን ናት። ሬዲዮዋ እስካሁን እኛ ቤት ነው።

ከከተማው የተሰበሰቡትን ልጆች አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን አቆይተዋቸዋል። ዙሪያውን የሽቦ አጥር ነው፤ ቤተሰብ ምግብ ያቀብላል። እማዬ ሦስተኛው ቀን ላይ እግሯ እምቢ ስላላት ብቻዬን ሄድኩ። ፀጉሩን ተላጭቷል። ጆሮው ትልቅ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ምግቡን ተቀበለኝና ሳይከፍተው ያዘው።

«ሃምሳ ሁለተኛው ምን ነበር?» አለኝ።

«የምን?»

«ያልደረስኩበት።»

ደብተሩን ይዤ ከሐዲዱ ጎን ከመሄዴ ብዛት ሁሉንም በየቁጥሩ በቃሌ ይዤዋለሁ። «አንዴ ከሞተ ሌላ የማይተካለት ሴል የቱ ነው የሚለው።»

ትንሽ አሰበ። «የነርቭ።»

«አዎ።»

«ሃምሳ ሦስትስ?»

ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የትኛው ነው አልኩት። ቀዩ ሴል አለ። ሃምሳ አራትን ጠየቅኩት፤ ልጅ ከእናቱ ስንት፣ ከአባቱ ስንት ክሮሞሶም ይወስዳል። ግንባሩን ይዞ አሰበ፣ ከኋላው ልጆቹ በፉጨት እየተሰለፉ ነው፣ እሱ ግን ያስባል። «እኩል እኩል» አለ። «ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት።»

ሃምሳ ሞላ። አርባ ሰባትና ሦስት። እሱም የቆጠረ ይመስለኛል፤ ዓይኑን ከኔ ላይ አንስቶ መሬት አየ። አራተኛ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ጥበቃው «ሰልፍ» ብሎ ጠራው። ምግቡን በብብቱ ይዞ ሄደ። በነጋታው ስመጣ ግቢው ባዶ ነበር፤ ብላቴ ማሠልጠኛ ነው የወሰዷቸው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሌላ ይላሉ።

በመስከረም አጋማሽ የኔ ውጤት መጣ። አለፍኩ። ያው ኮሌጅ ደረሰኝ። ወዬሳ ሰምቶ መጣ፤ አዲስ ማኅተም ያለበት መታወቂያው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ስለ ሁንዴ ስንነግረው ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ደበቀው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ሲወጣ አንድ ደብተር ሰጠኝ።

«የአንደኛ ዓመቱ ነው፣ መቶውም አለ» አለኝ። «ጉዲ፣ ይኼን ደግሞ እንዳትቆርጪው።»

እማዬ ሰማች። ጣሳውን ከመደርደሪያው አንስታ ከአልጋዋ ስር አስገባችው።

አሁን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ሐዲዱ ላይ ነኝ። ከምሰሶው ስር እጀምራለሁ። አንድ፣ ቢ። ሁለት፣ ዲ። ሦስት፣ ኤ። ጥያቄዎቹን አላነብም። ዛሬ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ስደርስ እማዬ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ጠራችኝ፤ እጇ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ደብዳቤ ይሁን ነጠላዋ ከሩቅ አይለይም። አቤት ብላት ይጠፋብኛል። ዘጠናን ረገጥኩ፣ ዘጠና አንድን ረገጥኩ።