ትንፋሹን የሚውጥ ሰው

ሙሉሰው የጎልፍ ዱላ ከጨበጠ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ለሁለተኛ ዲግሪው ናይሮቢ በነበረ ጊዜ አብሮት የሚማር አንድ ኬንያዊ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጎተተ ሜዳ ይወስደው ነበር፤ መጀመሪያ በይሉኝታ፣ ኋላ ግን ሱስ ሆኖበት። ትምህርቱን ጨርሶ ጎንደር ሲመለስ ሦስት አሮጌ ዱላዎች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣ። በዩኒቨርሲቲው የመሬት ቅየሳ ያስተምራል። የተነጠፈ የጎልፍ ሜዳ በአካባቢው ስላላገኘ፣ አጨዳ ሲያልቅ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ጠዳ ወርዶ ገለባው ላይ ኳሱን ሲለጋ ይውላል። ገበሬዎቹ «ያ መሬት የሚለካው ሰውዬ ዛሬ ደግሞ መሬቱን ይደበድባል» እያሉ ይስቁበታል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታኅሣሥ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ከመሰሎቹ አማተሮች ጋር ይወዳደራል። አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም፤ አንድም ቀን ግን አፍሮ አያውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ ከደባርቅ ሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ኮሶዬን አለፍ እንዳለ ጭቃው አንሸራተተውና ተገልብጦ ቦይ ውስጥ ገባ። ጭጋጉ እጅን እንኳ አያሳይም። ሙሉሰው የሚያስታውሰው ወንበር ደረቱ ላይ ተጭኖት እንደነበረና አንዲት ሴት «ይኼኛው ነፍሱ አለች! ወዲህ ኑ!» ብላ እንደጮኸች ነው። የኮሶዬ ሰው ጋቢውን እየጣለ ደረሰ። ቃሬዛ ቢያጡ ያችው ሴት የገዛ ቤቷን በር አስነቅላ አመጣች፤ በበሩ ላይ አስተኝተው እስከ አስፋልቱ ተሸከሙት፤ በሩ ላይ እንደተኛም በጭነት መኪና ጎንደር ሆስፒታል ገባ። አምስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር።

ሴትየዋ ወይዘሮ የትነበርሽ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳ አምስትን ያለፉ ብርቱ ሴት ናቸው። ሙሉሰው ከሦስት ወር በኋላ ድኖ ሲነሣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጎንደር ውስጥ አንድ የብረት በር አሠርቶ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ ኮሶዬ መውጣት ነበር።

«ምነው ይኼን ሁሉ ደከምክ?» አሉት ወይዘሮ የትነበርሽ፣ በሩን ዞር ዞር ብለው እያዩ። «የእኔን በር የጭነት መኪናው ሹፌር በሦስተኛው ቀን መልሶልኝ የለም?»

«እርስዎ ባይኖሩ እኔ አልኖርም ነበር፣ እትዬ።»

«አይ! እግዜር ባይኖር በል። በሩ ግን ሸጋ ነው። ለከብቶቹ ይሆናል።» እውነትም የከብቶቹ በረት በኮሶዬ የታወቀ የብረት በር ባለቤት ሆነ።

ያን ዕለት ነው ከቤታቸው ጓሮ ድርቆሹ የታጨደለትን ሰፊ መስክ ያየው። ቁልቁል ለስላሳ ሆኖ ወርዶ ገብስ ማሳው ጥግ ያልቃል። እያፈረ ጠየቃቸው። ወይዘሮ የትነበርሽ ነገሩ ባይገባቸውም «ጊደሬን እንዳትመታብኝ እንጂ፣ መስኩስ የእግዜር ነው» ብለው ፈቀዱለት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንደር እየወጣ እሳቸው መስክ ላይ ሆነ።

አመታቱ ግን አልተመለሰም። ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሣ ደህና ነው፤ ሲያወርደው፣ ልክ ኳሷ ጋ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ነገር ክንዱን ይይዘዋል። ኳሷ ወይ እንደ ፍልፈል መሬት ለመሬት ትሄዳለች፣ ወይ ወደ ቀኝ ገብሱ ውስጥ ትገባለች። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶት «አጥንትህ ሙሉ በሙሉ ድኗል» ብሎታል። ሙሉሰው ጫማ ቀየረ፤ አጨባበጡን ቀየረ፤ እግሩን አሰፋ፤ አጠበበ። በስልኩ ያየውን የአሠልጣኝ ቪዲዮ ሁሉ ሞከረ። ክርኑን ሲያስብ ጉልበቱን ይረሳል፤ ጉልበቱን ሲያስታውስ ራሱን ቀና ያደርጋል። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ አዲስ አበባ ሄዶ ገና በመጀመሪያው ምት ኳሷ አሥር እርምጃ ተንከባልላ ቆመች። ማንም አልሳቀም። ያ ዝምታ ከሳቅ ይልቅ አንገበገበው።

ባለቤቱ ወይንሸት ፋርማሲስት ናት። አንድ ማታ እራት ላይ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ብታየው ታገሠች ታገሠችና፦

«እኔ አንተ ደረጃ ስትወጣ ባየሁ ቁጥር እግዜርን አመሰግናለሁ። አንተ ደግሞ ኳስ ወደ ቀኝ ሄደች ብለህ ታዝናለህ» አለችው።

ሙሉሰው አፈረ። እውነቷን ነው። ግን ሊያስረዳት ያልቻለው ነገር ነበር፤ የሚያሳዝነው ኳሷ አልነበረችም። ከዚያ ቦይ ውስጥ ከእሱ ጋር ያልወጣ፣ እዚያው የቀረ ነገር ያለ ይመስለዋል።

ዘንድሮ በኅዳር አንድ ቅዳሜ እንደልማዱ መስኩ ላይ ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ ከመስኩ ዳር የባሕር ዛፍ ግንድ ይፈልጣሉ። ሙሉሰው ይመታል፣ ኳሷ ገብሱ ውስጥ ትገባለች፤ ሄዶ ይፈልጋል፤ ይመለሳል፤ ይመታል። ወይዘሮ የትነበርሽ መጥረቢያቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት በመጨረሻ።

«ይጠይቁ፣ እትዬ።»

«ምነው ልትመታ ስትል ትንፋሽህን ትውጠዋለህ?»

«እኔ?»

«አንተ እንጂ! ዱላውን ስታነሣ ከንፈርህ ግጥም ይላል፤ የአንገትህ ሥር ይገተራል። እኔ ሩቅ ቆሜ ሳይህ እኔን ይጨንቀኛል።»

ሙሉሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን አንድ ኳስ አስቀምጦ ራሱን እያዳመጠ መታ። እውነት ነው። ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ኳሷ ከሄደች በኋላ እንኳ ገና አልተነፈሰም። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው። ያን ሦስት ወር ከአልጋ ሲነሣ፣ ጎኑን ሲያዞር፣ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ አስቀድሞ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ ሕመሙ እንዲያ ሲያደርግ ይቀለዋልና። አጥንቱ ዳነ። ገላው ግን መዳኑን አልሰማም፤ እስከ ዛሬ ሕመሙን ይጠብቃል።

«ና ወዲህ» አሉት ወይዘሮ የትነበርሽ። «ባሌ ካለፈ ወዲህ ፈላጯ እኔው ነኝ። መጀመሪያ እንዳንተ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምፈልጠው፤ ግንዱም አይሰነጠቅ፣ ወገቤም አያርፍ። ኋላ ጎረቤቴ አያ ዳኛው አየኝና ‹ለምን ለራስሽ ታስቀሪያለሽ? ትንፋሽሽን ለግንዱ ስጪው› አለኝ።»

መጥረቢያውን አነሡ። ሲያወርዱት «እህ!» አሉ ከሆዳቸው፤ ግንዱ ሁለት ሆኖ ወደቀ።

«በል ያዝ።»

ሙሉሰው ተቀበለ። በመጀመሪያው ምት መጥረቢያው ግንዱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። በሁለተኛው ስቶ መሬት መታ። ወይዘሮ የትነበርሽ «አሁንም ዋጥካት!» እያሉ ይገሥጹታል። ስንተኛው እንደሆነ አያውቅም፣ አንዱን ግን «እህ!» ብሎ አወረደው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ግንዱ ተሰነጠቀ። ሙሉሰው መጥረቢያውን እንደያዘ ቆመ፤ ግራ ጎኑን ያዳምጣል፤ ሕመሙ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቆየ። አልመጣም። ከልቡ ሞልቶ ተነፈሰ፤ የኮሶዬ ብርድ እስከ ታችኛው ጎድኑ ድረስ ገባ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ የትነበርሽ አይተው እንዳላዩ ዘወር አሉ። «በል፣ የተፈለጠውን ሰብስበህ አስገባልኝ» አሉት።

እንጨቱን አስገብቶ ወደ ኳሱ ተመለሰ። ተአምር አልሆነም። ከሃያ ኳስ አምስቱ ብቻ ቀጥ ብለው ሄዱ። አምስቱ ግን ሲሄዱ ከክንዱ ሳይሆን ከሆዱ የወጡ መሰለው። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ትቶ አራት ቅዳሜ ተመላለሰ፤ ግማሹን ቀን ይፈልጣል፣ ግማሹን ይመታል።

በታኅሣሥ አዲስ አበባ ሄደ። ጠዋቱ ብርድ ነው። ተራው ሲደርስ ያለፈው ዓመት ዝምታ ትዝ አለው። ዱላውን አነሣ፣ አወረደ፣ «እህ!» አለ፤ አጠገቡ የቆመው ሰውዬ ደንግጦ ፈገግ አለ። ኳሷ ቀጥ ብላ ወጥታ ሣሩ መሐል አረፈች። ቀኑን ሙሉ እንዲያ አልሆነም፤ ሁለት ኳስ ውኃ በላበት፣ አንዷን ዛፍ መለሰበት። ሲያልቅ በደረጃ ከተወዳዳሪዎቹ መሐል ላይ ነበር።

እየሳቀ ለወይንሸት ደወለ።

«አሸነፍክ?»

«አላሸነፍኩም።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«አላመመኝም፣ ወይኒ። ቀኑን ሙሉ ስመታ ውዬ አንድም ጊዜ ሕመሙን አልጠበቅሁትም።»

በዚያኛው ጫፍ ወይንሸት አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማት። «ተመስገን» አለች። «በል ቶሎ ና።»

ለገና ሁለቱም ኮሶዬ ወጡ። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መስኩ ላይ የገና ጨዋታ ሊጀምሩ በሁለት ወገን ተከፍለዋል፤ ጎልማሳው፣ ሽማግሌው ሁሉ ቆልማማ ዱላውን ይዟል። አያ ዳኛው፣ ጢማቸው የሸበተ ረጅም ሰው፣ ሙሉሰውን ሲያዩ አንድ ዱላ ወረወሩለት።

«ያን የፈረንጁን ተወውና ና! በእኛ ወገን ነህ።»

ጨዋታው ጎልፍን በምንም አይመስልም። እሩሯ፣ የገናዋ ኳስ፣ አትቆምልህም፤ አንዱ ከፊት ይገፋሃል፣ ሌላው ከኋላ ይጮህብሃል። ሙሉሰው ብዙውን ጊዜ ሲሮጥ ብቻ ዋለ። አንድ ጊዜ ግን እሩሯ ተንከባልላ እግሩ ሥር ስትደርስለት ሳያስብ «እህ!» ብሎ ለጋት፤ ከሰዉ ራስ በላይ አልፋ ሄደች። ወገኖቹ ጮኹ። ወዲያው የሌላው ወገን ሰው እሩሯን አገኘሁ ብሎ የሰነዘረው ዱላ የሙሉሰውን ቅልጥም አገኘው። ሙሉሰው በአንድ እግሩ እየዘለለ ሳቀ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉት አያ ዳኛው። ወገኑ ተሸነፈ፤ ያሸነፉት እየጨፈሩ ሲሰድቧቸው ሙሉሰው ከሁሉ ይልቅ ያጨበጭብ ነበር።

ሲመሽ ወይዘሮ የትነበርሽ ቤት እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ወይንሸት ያበጠ ቅልጥሙን በቅቤ እያሸች ትቆጣዋለች፤ አያ ዳኛው የራሳቸውን የድሮ ጠባሳ እየገለጡ ያሳዩዋታል። ወይዘሮ የትነበርሽ ጠላውን ቀድተው ሰጡት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ ሙሉሰው።

«ምኑን?»

ሙሉሰው ጣሳውን በሁለት እጁ እንደያዘ እሳቸውን አየ፣ ባለቤቱን አየ፣ የሚስቁትን አያ ዳኛውን አየ።

«ጠላውን» አለ።