የድረስ ድመቶች

«ይቺ ደግሞ የማን ድመት ናት?» አሉ እትየ ዓባይነሽ፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው እያራቁ።

ያምሮት ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። የሟች ወንድሟ የድረስ ዕቃ ከፍኖተ ሰላም መምጣቱ ገና አሁን ነው። በማተሚያ ቤት አብራው ትሠራ የነበረችው ሕሊና እስከ ጅጋ በሚኒባስ፣ ከጅጋ ወዲህ ተሸክማ ያመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ጥቅል ወረቀት ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ከድመት በቀር ምንም የለበትም። ያችው አንዲት ድመት፣ ፊቷ ብቻ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ጊዜ ታትማለች፤ አንዷ ሮዝ፣ አንዷ እንደ ጤፍ ቡቃያ አረንጓዴ፣ አንዷ ሰማያዊ ሆና ዓይኗ ብጫ። ሌላውም ወረቀት እንደዚያው ነው፤ ቀለማቱ ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል።

ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ሰማያዊ ድመት በየት አገር አለች?»

«እንዲህ ያለው ነገር ይሆናል ልጁን የበላው» አለች አንዷ። በሹክሹክታ ነበር ያለችው፤ ለቅሶ ቤት ግን ሹክሹክታ ይሰማል።

«ጠቅልሉት!» አሉ አባትየው አያ ባምላኩ ከጥግ።

ነገ ሠልስቱ ነው። የእናቱ ዘመዶች ከገበዝ ማርያም ይመጣሉ። በዚህ አገር አልቃሽ ባዶ እጇን አትቆምም፤ የሟቹ ዕቃ ይወጣላታል። ገበሬ ከሆነ ጅራፉን፣ ካህን ከሆነ መቋሚያውን ይዛ፣ ሰውየው ማን እንደነበረ በሙሾ ታወርዳለች። የነገዋ አልቃሽ እትየ ዓባይነሽ ናቸው። አያ ባምላኩም ለልጃቸው የሚያወጡለት ቢያጡ ከጎረቤት በቅሎ ከነኮርቻዋ ተውሰዋል።

«ድረስ እኮ በቅሎ ይፈራ ነበር፣ አባየ» አለች ያምሮት።

«መፍራቱን እኔና አንቺ እንጂ ማን ያውቃል? እንደ ወንድ ይለቀስለት።»

እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመቱን ድረስን አዝላ ያሳደገችው ያምሮት ናት። ነገ በዚህ ደጅ በቅሎ ጋላቢ ለሆነ ሌላ ሰው ሊለቀስ ነው፤ እሷ ያሳደገችው ልጅ ግን ማንም ሳያለቅስለት ሊቀር ነው። ይህን እያወቀች ደግሞ በእሱ ፋንታ ምን እንደምታወጣ አታውቅም።

ሕሊናን ከአጥሩ ጀርባ ወሰደቻት።

«እስኪ ንገሪኝ እናቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ፖፕ አርት ይሉታል፣ እታለም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ተራ ነገር በደማቅ ቀለም ደጋግሞ ማተም ነው።»

«ሰው ሁሉ ካወቀው ምን ያደርግልናል?»

ሕሊና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ለእኔም በደንብ አልገባኝም። የምርቃት ቲሸርት አትመን ስንጨርስ፣ በተረፈው ቀለም ድመቷን ያትም ነበር። እንዴት አትሰለችህም ስለው፣ ‹ገና አላየኋትም› ይለኛል። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው አምስቱን ገዝቶ ወሰደለት። ያን ቀን ከደስታው ብዛት ምሳውን ረሳ።»

ያምሮት ይህን አልሰማችም ነበር። ለእሷም አንዷን ባለፈው ፋሲካ አምጥቶላታል። «ምነው እመቤታችንን ብትሥል?» ብላው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ስታስብ ስታስብ፣ ለአይጥ ማስፈራሪያ ይሆናል ብላ የጎታው አፍ ላይ ለጠፈቻት። ለሰኔ ሚካኤል መጥቶ ሲያይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ።

«ያዘችልሽ?»

«ምን ትይዛለች! አንድ ጆሮዋን በሏት።»

ያኔ አብራው ስቃ ነበር። በዚህ ሐምሌ ኩላሊቱን ታሞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ያን ቀን የሳቀው በእሷ አለማወቅ ይሁን ድመቷን በመስቀሏ ደስ ብሎት፣ አሁን ማን ይንገራት?

በማግሥቱ ጧት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ አንድ ሐሳብ አብሯት መጣ። እግዚኦታ ሲደርስ ያንኑ ቃል አርባ አንድ ጊዜ ይሉታል። ለምን ይደጋገማል ብላ ጠይቃ አታውቅም። ይህ ከድመቷ ጋር ይገናኝ፣ አይገናኝ እንጃላት። እንዲያውም ማሰቧ ድፍረት መሰላትና አማተበች።

ለቀስተኛው ሞላ። አያ ባምላኩ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ወደ መሐል ወጡ። እትየ ዓባይነሽ መቀነታቸውን አጥብቀው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ያምሮት ከቤት አንዱን ወረቀት ይዛ ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

«ምን ልበልበት፣ ልጄ?»

«እኔ እንጃ፣ እትየ። የእሱ ግን ይሄ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ስለከረመ አልዘረጋ አላት። ከላይ ስትይዘው ከታች ይጠቀለላል፤ ከታች ስትጎትተው ላይኛው ይመለስባታል። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር።

አያ ባምላኩ ልጃቸውን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ። ልጓሙን ለበቅሎዋ ባለቤት ሰጡና ቀስ ብለው መጡ።

«ላይዋ በየት ነው?»

«ጆሮዋ ወዲህ ነው፣ አባየ።»

እትየ ዓባይነሽ ሙሾውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባትየው በርከክ ብለው፣ ቀለሙን ጣታቸው እንዳይነካው ነጩን ጠርዝ ብቻ ይዘው፣ ወረቀቱን ወደ ታች ወጠሩት።