እማማ ጃራ ያልጠጡት መድኃኒት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ይህችን ስሙኝ።

በሩቅ ምሥራቅ፣ በማላያ አገር ባለችው በፒናንግ ከተማ፣ እንግሊዞች በሚገዙበት ዘመን፣ እማማ ጃራ ከነጋዴው ከቡን ኪያት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው በኮኮናት የተጋገረ የሩዝ ቂጣ ይሸጡ ነበር። አንድ ማለዳ ደንበኛው ሁሉ እየመጣ ጉልበታቸውን ያይ ጀመር።

«ምን ያስፈጥጣችኋል?» አሉ።

አሳ ሻጯ ሐሊማ ጋዜጣ ዘርግታ የቡን ኪያትን ማስታወቂያ አነበበችላቸው፦ «እማማ ጃራ አልጋ ላይ ቀርተው ነበር። የወርቅ ዝሆን መድኃኒታችንን ጠጥተው ዛሬ እንደ ኮረዳ ይራመዳሉ!»

እማማ ጃራ ደማቸው ፈላ። ገበያው የሚያምናቸው ዋሽተው ስለማያውቁ ነው፤ አሁን ስማቸው ሊጠፋ ነው። ጋዜጣውን ነጥቀው ገዢ ወደሞላው ሱቅ ገቡ።

«አንተ ቡን ኪያት! መቼ ነው እኔ አልጋ ላይ የቀረሁት?»

«ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል» አለ የመድኃኒቱን ጠርሙስ እንዳቀፈ።

«ይስማ! እናንተ ሰዎች፣ ይህ መድኃኒት በአፌ ዞሮ አያውቅም። እኔን ያቆመኝ የገዛ ቂጣዬ ነው!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ገዢው ጠርሙሱን ትቶ ወደ ደጃፍ ጎረፈና ቂጣው ገና በማለዳው አለቀ። የመጨረሻዋን ቡን ኪያት ራሱ እያፈረ፣ ግን እየሳቀ ገዛት።

«በል፣ ያበላሸኸውን እዚያው ጋዜጣ ላይ አቅና» አሉት።

በሳምንቱ ጋዜጣው እንዲህ አለ፦ «እማማ ጃራ መድኃኒታችንን ቀምሰው አያውቁም። ቂጣቸውን ከደጃፋችን፣ ሻይና ስኳሩን ከውስጥ ይግዙ!» ያን ቀን የሁለቱም ገበያ ደራ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጋዜጣ ላይ በጠርሙስ የዳነ ሰው ስታዩ፣ እባካችሁ እማማ ጃራን አስታውሱልኝ።