ለሦስት ሽማግሌ የሚሆን ሞላ

የኢዮስያስ ዲኤክስ መኪና ቦሳ ኪቶ ሰፈር ላይ የፍጥነት መቀነሻውን ስትሻገር ኋላዋ ጓ ብሎ አስፋልቱን መታ፤ ከኋላ የተቀመጡት የአቶ ለይኩን ራስ ደግሞ ጣሪያውን። ኢዮስያስ ደንግጦ ዳር አስያዛት። ሽማግሌው በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ፣ አንዱን አናታቸው ላይ አድርገው ወረዱ።

"ልጄ፣ በዚህች ነው ነገ ደዶ የምንሄደው? እኔ አልችልም" አሉ። "ብታሠራትም ወገቤ እስከ ነገ አይመለስም። በእኔ ምትክ ሰው ፈልግ።"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ነገ እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደዶ ሄደው ሶልያናን ከአባቷ ሊጠይቁለት ቀጠሮ ተይዟል። ቀጠሮው አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በለቅሶ ተላልፏል፤ አባትየው ደግሞ ሦስተኛውን የሚታገሡ ዓይነት ሰው አይደሉም። በሁለት ሽማግሌ መሄድ ያስንቃል። መኪና ተከራይቶ መላክም እንዲሁ፤ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ሲባል መልሱ ይህችው መኪና ናትና።

ለዚህ ያበቃት ደግሞ ራሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኞቹ "ዝቅ ስትል ታምራለች" ቢሉት የኋላ ሞላዎቿን በብረት መቁረጫ ግራይንደር ቆረጣቸው። እውነትም አማረች። ግን ተሳፋሪ ጭና በየጉድጓዱ ስትላተም ንዝረቱን የሚያበርዱት ሁለት አሞርዛተሮች ዘይታቸውን አፍስሰው ሞቱ፣ የተረፈው ሞላም ደከመ። ከፊት ለተቀመጠው ለእሱ ብዙም አይታወቀውም ነበር።

ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ጋራዥ ሲደርስ ጋሽ ቲጃኒ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው መካኒክ፣ መኪናዋ ሥር ገብተው ወጡ።

"ይህን ሞላ ማነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ።"

"ወላሂ፣ ሌላ ጠላት አያስፈልግህም።"

ለዝቅተኛ መኪና የሚሠራው አጭር ሞላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ ዋጋውም ኢዮስያስ ኪስ ካለው እጥፍ ነው። ጋሽ ቲጃኒ ግን ከተጋጨች ዲኤክስ ላይ የፈቱት፣ መቁረጫ ያልነካው ሞላ ነበራቸው። እሱን በርካሽ ወስዶ ገንዘቡን ለአዲስ አሞርዛተሮች እንዲያውል መከሩት። በክሪክ አንሥተው፣ የዛገውን ብሎን ሲታገሉ ቆይተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሱ። መኪናዋ ስትወርድ ኢዮስያስ ክው አለ። ፊቷ ባለበት ቀርቶ ኋላዋ ተነሥቶ፣ እህል ልትለቅም የጎነበሰች ዶሮ መስላለች።

"ጋሽ ቲጃኒ፣ እባክዎ ከሞላው አንድ ቀለበት ብቻ እንቁረጥ" ብሎ ለመነ።

"ቆይ። ሽማግሌዎችህ ስንት ይመዝናሉ?"

ጋሽ ቲጃኒ ሞላ በባዶ መኪና ለክተው አያውቁም። ጎረቤታቸው ዙቤይዳ ቡና ነጋዴ ናት፤ ሞላ በቀየሩ ቁጥር ከመጋዘኗ የቡና ጆንያ ይዋሳሉ፣ እሷም እያጉረመረመች በፈረሱላ፣ በአሥራ ሰባት ኪሎ ልክ፣ መዝና ትሰጣቸዋለች። ከቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች አቶ ወርቅአገኘሁ ሦስት ተኩል ፈረሱላ ተገምተው ጋቢና ገቡ። አቶ አሞጽ በአራት ፈረሱላ ከኋላ ተቀመጡ። ገና ላልተገኘው ሦስተኛ ሽማግሌም፣ ምናልባት ወፍራም ቢሆን ተብሎ፣ አምስት ፈረሱላ ቡና ተያዘለት።

መኪናዋ ቀስ ብላ ረጋች። ኋላዋ ወርዶ ከፊቷ ጋር ተስተካከለ፤ በጎማውና በላዩ ባለው ፓራፋንጎ መሀል አራት ጣት ያህል ክፍተት ቀረ።

"ሰዎቹን ደዶ የሚያደርሳቸው ይህ አራት ጣት ነው" አሉ ጋሽ ቲጃኒ። "ቆርጠህ ብታጠብበው ድንጋያማው መንገድ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ይመታል። መኪናዋ ያንተ ናት፤ ግራይንደሩም ያውልህ።"

ጆንያዎቹ ወረዱ፣ የመኪናዋ ኋላም እንደገና ተነሣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሲያልፍ አይቶ ሳቀ። ኢዮስያስ አፈረ። ነገር ግን አቶ ለይኩን ወገባቸውን ይዘው ሲወርዱ ያፈረውን ያህል አልነበረም።

"ይቅር፣ አይቆረጥ" አለ።

"ቶሌ፣ ይሁን" ብለው ጋሽ ቲጃኒ ብሎኖቹን ለመጨረሻ ጊዜ አጠበቁ።

ኢዮስያስ ከፍሎም አልሄደም። ቀኑን ሙሉ ለአቶ ለይኩን ምትክ ፍለጋ የቸርች ሰዎችን ስም በልቡ ሲያነሣና ሲጥል ነበር የዋለው። ሁሉም ደግ ናቸው፤ ስለ እሱ ግን እሁድ እሁድ ከሚያዩት ሌላ የሚያውቁት የለም።

"ጋሽ ቲጃኒ፣ ነገ ሦስተኛው ሽማግሌ ይሁኑልኝ።"

እጃቸውን በጋዝ እየታጠቡ ቀና ብለው አዩት። "እኔ? የቸርች ሰው አይደለሁም።"

"የሚጸልይልኝ አላጣሁም። ያጣሁት የሚመሰክርልኝ ነው።"

"እንዴት ያለ ልጅ ነው ቢሉኝስ ምን ልበል?"

ኢዮስያስ መልካም መልካሙን እንዲያወሩለት ሊለምን ነበር፣ ተወው።

"ዛሬ ያዩትን ይንገሯቸው" አለ። "የቆረጥኩትንም፣ ያልቆረጥኩትንም።"

ጋሽ ቲጃኒ እጃቸውን በጨርቅ አደረቁ። "ኢንሻአላህ። ከዙህር ሶላት በኋላ መጥተህ ውሰደኝ" አሉት።