የተቃናው ክዳን

የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ የራሱን ፊት አየ። ጥቁር አረንጓዴው ቀለም ከመጥራቱ የተነሳ የቅንድቡ ሽበት ሳይቀር ይለያል። ጡረተኛው ሳጥኔ ትንፋሹን እፍ አለበት፣ በለስላሳ ጨርቅ እንደገና ወለወለውና አንገቱን ዘመም አድርጎ በጎን በኩል ተመለከተው። አንዲት ሞገድ እንኳ የለችበትም። ላሜራው ከዳር እስከ ዳር እንደ ረጋ ውሃ ተኝቷል።

«አሁንስ ልትስመው ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና። የሻይ ብርጭቆ ይዛለች።

«ለእንግዶቹ እያዘጋጀሁት ነው።»

«የወንድሜ ልጅ የምትመጣው ዕቃዋን ልትወስድ ነው እንጂ ሙሽራ ልታይ አይደለም።»

ጨርቁን አገላብጦ መወልወሉን ቀጠለ። ከእሷ ጋር በቃል መፎካከር እንደማያዋጣው ካወቀ ቆይቷል።

ሳጥኔ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበር፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ሲያቃና ኖረ። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈት ሆኖ መቀመጥ አቃተውና አሮጌ የመሣሪያ ሳጥኖችን ማደን ጀመረ። የአናጢ የእንጨት ሳጥን፣ የሰዓት ሠሪ ባለ ብዙ መሳቢያ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ዝገት የበላው፣ እጀታው የወለቀ፣ የተገኘውን ሁሉ እየሰበሰበ ያጥባል፣ ይሞርዳል፣ ይቀባል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ያየዋል። «ሰው ዕቃ ይሰበስባል፤ ይሄ ሰውዬ የዕቃ ቤት ይሰበስባል» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ተነስቶ የዚያችን ክፍል በር ሲከፍት በመንደሩ ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ወንድም ጋሼ የሚላቸው የቧንቧ ሠራተኛ፣ ዘመናቸውን የሠሩበት ሳጥን ነው። ሲከፈት ትሪዎቹ ግራና ቀኝ እንደ ደረጃ እየተዘረጉ ይወጣሉ፤ እንዲህ ያለውን የሚሠራ አሁን የለም። ሳጥኔ መጀመሪያ ያየው ሚስቱን ለጋብቻ ሊጠይቅ በሄደ ቀን ነበር። ወንድም ጋሼ የአንድ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ይጠግኑ ነበርና እዚያው ድረስ ሄዶ አገኛቸው። ከሳጥናቸው ላይ ሳይነሱ፣ መፍቻቸውንም ሳያስቀምጡ፣ የዘር ማንዘሩን ነገር አንድ በአንድ ጠየቁት። እሱ ደግሞ እየመለሰ ዓይኑ ከሥራቸው ወዳለው ሳጥን ይሸሽ ነበር። «ያን ቀን እህቲቱን ነው ወይስ ሳጥኑን የለመንከው?» እያለች ሚስቱ እስከ ዛሬ ትቀልድበታለች።

በቅርቡ የወንድም ጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረና ሥራ አቆሙ። ሙያቸውን የተማረችው ልጃቸው ተቀጥራ ከምትሠራበት ወጥታ በሚቀጥለው ሰኞ የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው። ሳጥኑን ይዘውለት መጡ። «ጠግነህ ስጣት» አሉት። ከበሩ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ዘወር ብለው «አልፈልግም ካለች ላንተ ይሁን» አሉ።

ይቺ ሁለተኛዋ ቃል ናት ጉድ የሠራችው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ንጹሕ ነበር። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አወረደ፣ ማጠፊያዎቹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ አላቀቀ፣ መቀርቀሪያውን አስተካከለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ሳጥኑ ለሥራ ደርሶ ነበር። ግን ክዳኑ መሃል ላይ እንደ ሳህን የሰረጎደ ቦታ ነበረ፤ ባትላሜራ ደግሞ ስርጉድ አይቶ ማለፍ አይችልም። ክዳኑን ነቅሎ እንጨት ላይ ደፋውና በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ ከጠርዝ ወደ መሃል እየዞረ አቃናው። አንዴ ጎድጉዶ የተቃና ላሜራ ጉድጓዱን እንደማይረሳ፣ ትንሽ ክብደት ሲያርፍበት ተመልሶ መግባት እንደሚፈልግ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ወፍራም የብረት ድጋፍ በብሎን አሠረበት። ከዚያ ቀለሙን ደጋግሞ ቀባ፤ ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ወርቃማ መስመር ጎተተ፤ ከዚያ ትሪዎቹንና የክዳኑን ሆድ ቀይ ከፋይ አለበሳቸው። የቧንቧ ሠራተኛ ከፋይ የለበሰ ሳጥን ምን ያደርግላታል ብሎ ራሱን አልጠየቀም። ቢጠይቅ መልሱን ያውቀዋል። ሆዱማ ያውቅ ነበር፤ ልጅቷ ለመንካት የምትፈራው ሳጥን እየሠራ ነበር።

ሚስቱ ሻዩን አስቀምጣ መደርደሪያውን ቃኘች። መካከለኛው እርከን ላይ፣ ልክ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ፣ ባዶ ሆኗል።

«ይሄ ባዶ ቦታ የማን ነው?»

«አቧራ ልጠርግ ብዬ ነው።»

«እንዴ! አቧራው መሃሉን ብቻ መርጦ ነው የሚያርፈው?» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትቆጣ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችውና ወጣች።

እንግዶቹ ሲደርሱ ሻዩ ገና አልተጠጣም። ልጅቷ የሥራ ቱታዋን ለብሳ፣ ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ መሣሪያዎቿን በሸራ ቦርሳ ተሸክማ ገባች። አባቷ ከኋላ፣ ሁለት እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ተከተሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው እንዲያይባቸው አይወዱም።

ሳጥኔ ሳጥኑን የሸፈነበትን ጨርቅ ገለጠ።

ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት ላይ ለቀቀችው። ከመንካቷ በፊት መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። መቀርቀሪያውን ስትጫነው ትሪዎቹ ያለ አንዳች ድምፅ ግራና ቀኝ ተዘረጉ፤ ቀዩ ከፋይ ቦግ አለ።

«ጋሽዬ… ይሄ የአባዬ ሳጥን ነው?»

«ራሱ ነው።»

«አትቀልድ!»

ዙሪያውን ዞረች። ወርቃማዋን መስመር በጣቷ ጫፍ ሳትነካ ተከተለቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስል፣ ዘጋችው።

«እኔ እኮ ሰኞ የምገባው ምድር ቤት ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ይሄን እዚያ አስቀምጬ እንዴት ልሠራ ነው? እሱን ስጠብቅ ጣቴን ነው በመፍቻ የማጠፋው።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «አይሆንም ጋሽዬ። ኃጢአት ነው። እዚሁ ካንተ ጋር ይቀመጥ፣ እየመጣሁ አየዋለሁ። ለሥራ የፕላስቲክ ሳጥን እገዛለሁ።»

ያው፣ የተመኘው ሆነ። ቃሉ የወጣው ከእሷ አፍ ነው፤ ማንም «ቀማት» አይለውም። ሳጥኔ ልቡ በደስታ እስኪዘል ጠበቀ። ልቡ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እስቲ አውርዱልኝ» አሉ ወንድም ጋሼ።

ሳጥኑን ወለሉ ላይ አወረዱላቸው። ሽማግሌው ቆመው አዩት፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ወደ ኋላ ሳይመለከቱ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት ተቀመጡበት። ተንሸራተቱ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አሉ፤ እንደገና ተንሸራተቱ። እንዳይወድቁ አንድ እጃቸውን ከኪስ አውጥተው ጠርዙን ያዙ፤ እጁ አረንጓዴው ቀለም ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ገፋኝ» አሉ በመገረም። «ይሄ ሳጥን አያውቀኝም።»

«ክዳኑ ተቃንቶ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለ ሳጥኔ።

«ይሁን፣ ጥሩ ነው። ጎድጉዶ ነበር።» ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ምነው እኔንም እንዲህ ብታቃናኝ!»

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ግን እየሳቀች በዓይኗ ስርጉዱን ክዳኑ ላይ ትፈልግ ነበር። «ትዝ ይልሃል አባዬ? ትንሽ ሆኜ ስትሠራ እዚያ ስርጉድ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠኝ፤ አልወድቅም ነበር። ግቢ ውስጥ ትተኸው ዝናብ የመታው ጊዜ ደግሞ ውሃ ይቋጥርና ወፎች መጥተው ይጠጡበት ነበር።»

«ሳያብሱ ሲቀመጡበትማ!» አለች አክስቷ፣ የሳጥኔ ሚስት፣ ከበሩ ላይ ሆና። «አንዴ ሱሪያቸው እንደራሰ ሰው ቤት ገብተው፣ ሰዎቹ ቧንቧውን ትተው ለእሳቸው ፎጣ ሲያመጡላቸው!»

እንደገና ተሳቀ። ሚስቱ ስቃ ስትጨርስ ሳጥኔን አየችው፣ ከዚያ ባዶውን እርከን አየች። የምትለው ነገር አላጣችም፤ ግን «ሻይ ላምጣ» ብላ ወጣች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሳጥኔ ጋራዡን አሰበ። ያን ሁሉ ዘመን ስንት አውቶቡስ አቃንቷል! በማግስቱ ሰው ጢም አድርጎ ከበር ይወጣል፤ ወራት ሳይቆይ ጎኑ ተጨማዶ ይመለሳል። አንድ ቀን እንኳ አዝኖ አያውቅም። ከጋራዡ ጥግ ሞተሩ የወጣለት፣ ሰው የማይሳፈርበት አንድ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ቀለሙ እንዳማረ፣ ጎኑ እንደተቃና። አጠገቡ ሲያልፉ ሁሉም፣ ሬሳ ያለበት ቤት እንደሚያልፍ ሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ያን አውቶቡስ እስካሁን ረስቶት ነበር።

ካቻቢቴውን ከግድግዳው አወረደና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ክዳኑን ከፍቶ የከፋዩን ጫፍ በጥፍሩ ፈልቅቆ ያዘና ጎተተው። ሙጫው እየተላቀቀ ቀዩ ጨርቅ በረጅሙ ተገሸለጠ።

«ኧረ ጋሽዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ሥራዬን እየጨረስኩ ነው።»

የድጋፉን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። ብረቱን አውጥቶ ወደ ጎን ጣለው፤ የትሪዎቹንም ከፋይ ገፈፈ። ክዳኑን ዘግቶ መቀርቀሪያውን ጠቅ አደረገና ወደ ኋላ ተሳበ። ላሜራው አሁንም ቀጥ ብሎ ያበራል፤ አሁን ግን ከሥሩ የሚይዘው የለም።

«ተቀመጪበት።»

«እኔ?»

«ሰኞ ሥራ የሚገባው ማን ነው?»

«ቀለሙ እኮ…»

«ቀለሙን ተይው። ቀለም የእኔ ጣጣ ነው።»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ በሰው አልጋ ጠርዝ ላይ እንደሚቀመጥ እንግዳ ግማሽ ክብደቷን ብቻ አሳረፈች።

«እንዲህ ነው መቀመጥ?» አሉ ወንድም ጋሼ። «ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ሲጥለቀለቅ እንዲህ ትሽኮረመሚያለሽ? ተቀመጪ!»

ራሷን ለቀቀች።

ጓ!

ሳጥኔ ዕድሜውን ሙሉ በመዶሻ ሲያሳድደው የኖረው ድምፅ ነበር፤ ትከሻው በልምድ ሽምቅቅ አለ። ክዳኑ መሃል ላይ ገብቷል። ከስርጉዱ ዳር፣ አዲሱ ቀለም ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቷል። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ሸፍና ቀረች።

ወንድም ጋሼ ሁለቱንም እጆቻቸውን ከኪስ አወጡ። ጎንበስ ብለው በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው የስርጉዱን ዙሪያ ዳሰሱ፤ ልጃቸው እንደተቀመጠችበት።

«ከኔው ትንሽ ወደ ግራ ነው» አሉ። «አንቺ ወደ ግራ ትጋደያለሽ።»

«ይመቻል፣ አባዬ» አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ውይ፣ እንዴት ይመቻል!»

መሣሪያዎቿን ከሸራው ቦርሳ እያወጣች ትሪዎቹ ላይ ደረደረች። መፍቻዎቹ ባዶው ላሜራ ላይ ሲያርፉ ያቃጭላሉ፤ ክፍሉ በአንዴ የሥራ ቦታ መሰለ። ሻይ ተጠጣ። ልጅቷ ሳጥኔን ጉንጩን ሳመችው። ወንድም ጋሼ አልሳሙትም፣ አላመሰገኑትምም፤ ግን ከበሩ ሳይወጡ ቆም ብለው መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ እስካሁን ልብ ብለው አይተዋቸው አያውቁም ነበር። «የማቃናት ሙያማ አለህ» አሉ። ያን ቀን ከሳጥናቸው ላይ ሳይነሱ ካነጋገሩት ወዲህ፣ ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ከሄዱ በኋላ ሳጥኔ የተገሸለጠውን ከፋይ ከወለሉ ላይ ለቃቀመ። ሚስቱ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች በዓይኗ ወደ መካከለኛው እርከን ጠቆመችው።

«እህ፣ አሁንስ አቧራው ተጠረገ?»

«ይቆይ እንዳለ። ልጅቷ ጡረታ ስትወጣ ታመጣዋለች።»

«ያኔ አንተ መቶ ዓመት አልፎሃል!»

«እጠብቃለሁ። የት እሄዳለሁ?»

ሳቀችና አጠገቡ መጥታ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። መንገዱ ገና ከሌሊቱ ዝናብ አልደረቀም። ልጅቷና አባቷ ጥግ ላይ ታክሲ እየጠበቁ ነው። ሳጥኑ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቷም ላዩ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯን ዘርግታ። አባቷ ቆመው ትንሽ ታገሱ፤ ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ፈቀቅ አለችላቸው። ሁለት ሰው አይይዝም፣ ሳጥኔ ልኩን ያውቀዋል። ሽማግሌው ግን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሳይመለከቱ፣ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

መስኮቱ ዝግ ቢሆንም የላሜራው «ጓ!» እነሱ ዘንድ ደረሰ።

«ሰማህ?» አለች ሚስቱ።

«ሰማሁ» አለ ሳጥኔ፤ ትከሻው በዚህ ጊዜ አልተሸማቀቀም።